የአበባ ወዳጆች ክበብ ያቆመው ገበያ

አንድ ነጋዴ ገበያው የማያውቀውን ዕቃ ይዞ ብቅ ሲል ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ምስክር ነው። ቡና በቅምሻ፣ ወርቅ በካራት፣ ከብት ደግሞ በደላላ ዓይን ይመሰከርለታል። ምስክር የሌለው ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው በገዢው ፈቃድ ይወሰናል። በሲንጋፖር ኦርኪድ ለተባለው አበባ ይህን የምስክርነት ሥራ የያዘው ከሥራ ሰዓት ውጪ በግቢያቸው አበባ ይኮተኩቱ የነበሩ ሰዎች ያቋቋሙት ክበብ ነው። የክበቡ ታሪክ አንድ የትርፍ ጊዜ ፍላጎት እንዴት ወደ ንግድ እንደሚለወጥ ያሳያል። ከንግዱ የሚገኘው ትርፍ ሁልጊዜ ወደ ጀማሪው እንደማይመለስም እንዲሁ።

ክበቡ የተመሠረተው ሲንጋፖር በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የሲንጋፖር የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ ዳይሬክተር የነበሩት ኤሪክ ሆልተም፣ የሕግ ባለሙያው ጆን ሌይኮክ እና ኤሚል ጋሊስታን ይገኙበታል። በመጀመሪያ «የማላያ ኦርኪድ ማኅበር» ይባል የነበረው ይህ ክበብ በኋላ «የደቡብ ምሥራቅ እስያ ኦርኪድ ማኅበር» የሚለውን ስም ይዞ ቀጥሏል።

አንድ አበባ፣ ሁለት ባለ ጥቅም

ከክበቡ መመሥረት በፊት የነበረው ሁኔታ በአንድ አበባ ታሪክ ሊገለጽ ይችላል። አግነስ ጆአኪም የተባሉ የአርመን ተወላጅ የሲንጋፖር ነዋሪ ሁለት የቫንዳ ዝርያዎችን አዳቅለው ያገኙት ኦርኪድ እ.ኤ.አ. በ1893 ለዓለም ተዋወቀ። በስማቸውም «ቫንዳ ሚስ ጆአኪም» ተባለ። አበባው በ1897 ለንደን ላይ ቀርቦ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የአንደኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ያገኘ ሲሆን፣ በ1899 ደግሞ በሲንጋፖሩ የአበባ ኤግዚቢሽን ተሸለመ። ወይዘሪት አግነስ በዚያው ዓመት አረፉ።

ይህ ኦርኪድ ፀሐይ አይፈራም፤ ከግንዱ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ይጸድቃል። ለአትክልተኛ መልካም የሆነው ይህ ጠባይ ለባለቤት ግን ጉዳት አለው። ቁራጭ ያገኘ ሁሉ ሊያባዛው ስለሚችል ከአገር አገር ተሻግሮ ሐዋይ ገባ። እዚያም በአንገት ላይ ለሚጠለቀው የአበባ ጉንጉን ዋነኛ ግብዓት ሆኖ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ዋና ምድር የሚላክ ሸቀጥ ሆነ። ሲንጋፖር አበባውን ብሔራዊ አበባዋ አድርጋ ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ክብሩ ለፈጠረችው አገር ቢደርስም፣ ለብዙ ዓመታት ገበያውን የያዙት በስፋት አምርተው በፍጥነት ያጓጓዙት ናቸው።

ዱቄት የመሰለ ዘር

የኦርኪድ ንግድ ትልቁ ማነቆ ዘሩ ነበር። አንድ የኦርኪድ ፍሬ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን የሚያልፍ ዘር ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ከመሆኑም በላይ እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ የራሱን ስንቅ አልያዘም። በጫካ ውስጥ የሚበቅለው የሚመግበው የሻጋታ ዓይነት ካጋጠመው ብቻ ነው። በመሆኑም ድቅል ኦርኪድ ማግኘት በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ነድሰን ዘሩን ስኳርና ማዕድናት በተቀላቀሉበት፣ ጀርም በሌለበት የብልቃጥ ምግብ ላይ ያለ ሻጋታ ማብቀል እንደሚቻል አስታወቁ። ሆልተም ይህን ዘዴ በሲንጋፖር ሥራ ላይ አዋሉት። የአትክልት ሥፍራው የማዳቀል ሥራ በ1928 ተጀምሮ የመጀመሪያው ድቅል፣ «ስፓቶግሎቲስ ፕሪምሮዝ»፣ በ1931 አበበ። ክበቡም በዚያው ዓመት የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ።

በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ የክበቡ ዋና አስተዋጽኦ እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ብቻ ሊቀር ይችል የነበረው ዕውቀት በስብሰባና በመጽሔት አማካይነት ወደ ግል አትክልተኞች ወጣ። እያንዳንዱ አባል ለብቻው ለመማር ሊያባክን የሚችለው ጊዜና ገንዘብም ለጋራ ሆነ። ሌይኮክ በ1951 ከሊ ኪም ሆንግ ጋር ሆነው በማንዳይ የኦርኪድ ሥፍራ አቋቋሙ። በመጀመሪያ የራሳቸው ስብስብ ማኖሪያ የነበረው ይህ ቦታ ከጊዜ በኋላ የተቆረጠ አበባ ወደ አውሮፓ የሚልክ ድርጅት ሆኗል።

በወሩ ስብሰባ ምን ይደረጋል?

የኦርኪድ ክበቦች በየትኛውም አገር ቢሆኑ አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። መደበኛነቱ ዕቁብና ማኅበር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በዕለቱ ያበበ ተክል ያለው ይዞ ይመጣና በረጅም ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋል። ልምድ ያለው አባል ሥር እንዴት እንደሚታጠብ፣ ተክሉ ወደ አዲስ መትከያ እንዴት እንደሚዛወር ያሳያል። ቅጠሉ የጠወለገበት ሰው ምክር ይጠይቃል። ቡና ወይም ሻይ እየተጠጣ ቁራጭ ከቁራጭ ይለዋወጣል።

ከፍ ያለው ጉዳይ ዳኝነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በተመሠረተው የአሜሪካ ኦርኪድ ማኅበር አሠራር መሠረት አንድ አበባ ከመቶ ነጥብ ይመዘናል። በአጠቃላዩ መለኪያ ለቅርጹ 30፣ ለቀለሙ 30 ነጥብ የሚያዝ ሲሆን፣ ቀሪው 40 ለመጠኑ፣ ለውፍረቱና ለልስላሴው፣ ለአበቦቹ አደራደርና ብዛት ይከፋፈላል። ከ75 እስከ 79 ያገኘ የመጀመሪያውን ደረጃ ሰርተፊኬት ይወስዳል። ከ80 እስከ 89 ያገኘ ሁለተኛውን፣ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ ከፍተኛውን ይቀበላል። 90 የሚያልፍ ጥቂት ነው። ዳኞቹ ለዓመታት የሚሠለጥኑ ሲሆን የራሳቸውን ተክል እንዲመዝኑ አይፈቀድላቸውም።

ነጋዴን የሚመለከተው ነጥብ ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ነው። ከአንድ ፍሬ የወጡ ችግኞች የአንድ እናት ልጆች እንደሚለያዩት ሁሉ መልካቸው ይለያያል። ሽልማቱ የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ በቀረበው በዚያ አንድ ተክል ላይ ነው፤ ወንድሞቹና እህቶቹ አይካፈሉትም። ከተሸለመው ተክል ተከፍሎ የተወሰደ ቁራጭ ግን ስሙንና ሽልማቱን ይዞ ይሄዳል። ትናንት ከጎረቤቱ ጋር እኩል ዋጋ የነበረው ተክል ዛሬ ብልጫ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ባለቤቱም ያኔ ምርጫ ይገጥመዋል። ቶሎ ቆራርጦ ቢሸጥ ገንዘብ ያገኛል፣ ተክሉ ግን ይዳከማል። ይዞ ቢጠብቅ ተክሉ ይጠነክራል፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ስብሰባ የተሻለ ሊመጣበት ይችላል።

የክበቦቹ ሐራጅም የራሱ ጥቅም አለው። አባላት የሰጧቸው ተክሎች በአደባባይ ይጫረታሉ፤ ገቢው ለአዳራሽ ኪራይና ለእንግዳ ተናጋሪ ወጪ ይውላል። ከዚህም ሌላ በግቢ ለግቢ ሽያጭ የማይታወቀው ዋጋ በሁሉም ፊት ስለሚጠራ፣ ገዢና ሻጭ ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩበት መነሻ ያገኛሉ። ስምን በሚመለከትም ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ። ሥራውን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የያዘው የእንግሊዙ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ሲሆን፣ አዲስ ድቅል የሚመዘገበው ሁለቱ ወላጆቹ ተገልጸው ነው። እስካሁን የተመዘገቡት ድቅሎች ከመቶ ሺህ ይበልጣሉ።

ወቅት በሌለበት አገር

ክረምትና በጋ በሚፈራረቁባቸው አገሮች የክበቦች ዋና ኤግዚቢሽን በአብዛኛው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጸደይ ይደረጋል። ብዙዎቹ ተወዳጅ ዝርያዎች የሚያብቡት ያን ጊዜ ነውና። በካሊፎርኒያ የሚካሄደው የሳንታ ባርባራ ዓለም አቀፍ የኦርኪድ ኤግዚቢሽን በመጋቢት ወር ገደማ የሚደረግ መሆኑ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሲንጋፖር ግን ከምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ናት። ብዙዎቹ የአገሩ ድቅሎች በየወሩ ስለሚያብቡ የስብሰባው ጠረጴዛ ባዶ አይሆንም። በዚያ ወቅትን የሚወስነው ገበያው ነው። በጥርና በየካቲት መካከል የሚውለው የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲቃረብ የኦርኪድ ፍላጎት ይጨምራል። በበዓሉ በጣም የሚፈለገው «የእሳት እራት ኦርኪድ» በመባል የሚታወቀው ፋላኖፕሲስ ነው። ይህ ዝርያ የአበባ ዘንግ ለማውጣት ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል። የሲንጋፖር ሙቀት ይህን ስለማይሰጥ ታይዋንን ከመሳሰሉ አገሮች ይመጣል። ኦርኪድን ብሔራዊ አበባዋ ያደረገችው አገር በትልቁ የሽያጭ ሰሞን ኦርኪድ አስመጪ ናት ማለት ነው።

ዋጋው ሲወርድ

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዦርዥ ሞሬል ከተክሉ የማደጊያ ጫፍ የተወሰደች ቅንጣት በብልቃጥ ውስጥ ተባዝታ ከእናቲቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ተክሎች ልታስገኝ እንደምትችል አሳዩ። ከዚያ በፊት የተሸለመ ተክል ቁራጭ ለማግኘት ዓመታት ይጠበቅ ነበር። ዘዴው ከተስፋፋ በኋላ ግን ያው ተክል በሺዎች ይመረት ጀመር። ብርቅ የነበረው ዕቃ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ ውድድር ያሸነፉት ሰፊ መሬት፣ ርካሽ ጉልበት ወይም ትልቅ የመስታወት ቤት ያላቸው ናቸው። በተቆረጠ የሞቃት አገር ኦርኪድ ኤክስፖርት ታይላንድ ቀዳሚ ስትሆን፣ በመትከያ በሚሸጠው ፋላኖፕሲስ ታይዋንና ኔዘርላንድስ ገነኑ። መሬት ውድ የሆነባት ሲንጋፖር በብዛት ልትወዳደር አልቻለችም። የማንዳይ የኦርኪድ ሥፍራም ዛሬ የለም።

ይሁንና ክበቡ አልፈረሰም። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1963 አራተኛውን፣ በ2011 ደግሞ ሃያኛውን የዓለም የኦርኪድ ጉባኤ አስተናግዳለች። በ1995 የተከፈተው ብሔራዊ የኦርኪድ አትክልት ሥፍራ እስካሁን ጎብኚ ያስተናግዳል። በብልቃጥ የሚባዛ ተክል ቢረክስም በመጀመሪያ የትኛው ይባዛ የሚለውን የሚመልሰው ሰው ነው። አዲስ ድቅል ለማየት እንደየዝርያው ከሁለት እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል፤ ከመቶ ችግኝ አንዱን መርጦ ዘጠና ዘጠኙን መጣልም ዓይን ይጠይቃል። ያ ትዕግሥትና ያ ዓይን ዛሬም የሚገኘው በወሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ስትጠቀስ ዋናው ምርቷ ጽጌረዳ ነው። ኦርኪድ ግን ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ በቡና ጥላ ዛፎች ግንድና ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅሉ ዝርያዎች አሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መለያ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል።

ይህን አይቶ ወደ ጫካ ለመሮጥ የሚያስብ ካለ ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው፣ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት መሠረት ኦርኪዶች በሙሉ በቁጥጥር ሥር ናቸው። ከጫካ የተነቀለ ተክል ያለ ፈቃድ ድንበር ቢሻገር ይወረሳል፤ ላኪውም ይጠየቃል። በአንጻሩ ጀርም በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ከዘር የፈላ ችግኝ በአብዛኛው ከዚህ ቁጥጥር ነፃ ነው። ሕጉም ሆነ የገበያው ታሪክ የሚያመለክቱት ወደዚያው ብልቃጥ ነው።

ብልቃጥ፣ ስኳርና ንጹሕ ክፍል በገንዘብ ይገዛሉ። ችግኙ እስኪያብብ ዓመታት የሚጠብቁ፣ በወር አንድ ቀን ተገናኝተው የአንዱን አበባ ለሌላው ያለ አድልዎ የሚመዝኑ ሰዎችን ማሰባሰብ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ነው። የሲንጋፖሮቹ የጀመሩትም ከዚያ ነበር።