«ልጄ ነው» ሲባል ላቦራቶሪው ምን ያያል?

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አገር ቤት ወንድምና እህት በመልክ ባይመሳሰሉ የሚገረም የለም። በስደት አገር ግን ልጁን ወይም እናቱን ለማስመጣት ያመለከተ ሰው፣ የልደት ማስረጃው አላሳምን ሲል፣ ዝምድናውን በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እንዲያረጋግጥ ሊጠየቅ ይችላል። ለመሆኑ ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ለስደተኛ ጉዳይ መጀመሪያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር ነው። አንድ ታዳጊ ከጋና ወደ እናቱ ሲመለስ ባለሥልጣናቱ የሴትየዋ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል ብለው ጠረጠሩ። ጉዳዩ የሌስተር ዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ ዘንድ ደረሰ። አባትየው ስላልተገኙ የእናትየዋና የሦስት ልጆቻቸው ደም ከታዳጊው ደም ጋር ተመረመረ።

በመጀመሪያ ዲ.ኤን.ኤው ከደሙ ወጥቶ፣ የተወሰነ ቦታ እየመረጠ እንደ መቀስ በሚቆርጥ ኤንዛይም ተቆራረጠ። ቁርጥራጮቹ ጄል በሚባል የረጋ ነገር ውስጥ ገብተው ኤሌክትሪክ ተለቀቀባቸው። ዲ.ኤን.ኤ. ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይሳባል፤ አጭሩ ቁራጭ ፈጥኖ ይርቃል፤ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያም በራዲዮአክቲቭ ምልክት አማካይነት መስመሮቹ በራጅ ፊልም ላይ ታዩ። ከታዳጊው መስመሮች ገሚሱ ከእናትየዋ፣ የቀሩት ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ከአባታቸው ከወረሱት ጋር ገጠሙ። ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖር ተፈቀደለት።

ዛሬ ደም መቅዳት አያስፈልግም፤ የጉንጭን ውስጥ በጥጥ መጥረግ ይበቃል። ይህን ያስቻለው እ.ኤ.አ. በ1983 ኬሪ ሙሊስ ያፈለቁት ፒ.ሲ.አር. የተባለው የማባዣ ዘዴ ነው። ዲ.ኤን.ኤው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፤ ቀዝቀዝ ሲል ኤንዛይም እያንዳንዱን ክር ይገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ሙቀቱን የሚችለው ኤንዛይም የተገኘው በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በኋላ በተመረጡ ቦታዎች ላይ የልጁ ዲ.ኤን.ኤ. ርዝመት ይለካል፤ በየቦታው አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ መሆን አለበት።

በአሜሪካ ለቪዛ ጉዳይ ውጤቱ ቢያንስ 99.5 ከመቶ እርግጠኛ መሆን አለበት። ወጪው የአመልካቹ ነው። ናሙናው የሚላከው ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪና በኤምባሲው መካከል በቀጥታ ስለሆነ፣ በራስ እጅ የተሠራ የቤት ምርመራ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ሳይጠየቁ ቀድሞ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ውጤቱ ቢገጥምም ቪዛው በዚያ ብቻ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ነገር አለ። በእኛ ባህል የሟች ወንድምን ልጅ አሳድጎ «ልጄ» ማለት ውሸት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ላቦራቶሪው ግን ማን እንደወለደ እንጂ ማን እንዳሳደገ አይለካም። ያሳደጉትን ልጅ በቅጹ ላይ «የወለድኩት» ብሎ መሙላት የእውነተኞቹን ልጆች ጉዳይ ጭምር ሊያበላሽ ይችላል። የጉዲፈቻ ልጅና የእንጀራ ልጅ በሕግ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ስለዚህ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት እውነቱን ይዞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይበጃል። ጉንጭ አንዴ ከተጠረገ በኋላ ቃልን ማስተካከል ከባድ ነውና።