የሼድ ኔት መቶኛ የሚለካውና የማይለካው

በግሪን ሃውስ ላይ የሚዘረጋው የጥላ መረብ፣ በገበያው አጠራር ሼድ ኔት፣ የሚሸጠው በመቶኛ ነው። 30፣ 50 ወይም 70 በመቶ እየተባለ የሚጠራው ይህ ቁጥር መረቡ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ብቻ የሚገልጽ ሲሆን፣ ቤቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝ የሚናገረው ነገር የለም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ አምራቾች ይቅሩና መረቡን የሚሸጡት እንኳ ቁጥሩን የማቀዝቀዣ መጠን አድርገው ማየታቸውን አልተዉም፤ ቤቱ የሞቀበት ሰው ባለ 50ውን አውርዶ ባለ 70ውን ይሰቅላል፣ እሱም ካላቀዘቀዘለት ከዚህ የሚበልጥ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የባቱ አካባቢ በአንድ የቲማቲም ቤት የታየው የዚሁ ልማድ ውጤት ነው፤ ጥቁር ባለ 70 በመቶ መረብ ከላስቲኩ ሥር እንደ ኮርኒስ ተወጥሮ፣ ቤቱ ግን እኩለ ቀን ላይ ከቀድሞው የማይሻል ሙቀት ይዞ ነበር። ጥቁር መረብ ያላሳለፈውን ብርሃን አብዛኛውን መጥጦ ራሱ ይግላል፤ ከላስቲኩ ውስጥ ሲሆን ግለቱን የሚያስተላልፈው ለዚያው ለታፈነው አየር ነው። ያው መረብ ከላስቲኩ ውጭ፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶለት ቢሰቀል የመጠጠውን ሙቀት ነፋስ ይወስድለት ነበር፤ ነጭ ወይም አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ያለበት መረብ ደግሞ ከብርሃኑ ብዙውን ክፍል ሳይመጥ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። አንድ ዓይነት መቶኛ የተጻፈባቸው ሁለት መረቦች እንደ ቀለማቸውና እንደ ተሰቀሉበት ቦታ የተለያየ ሙቀት የሚፈጥሩት በዚህ የተነሣ ነው።

ሙቀትን ከቤቱ በዋናነት የሚያስወጡት የጣሪያ መተንፈሻና የተክሉ ትነት ናቸው። ትነት የሚባለው ተክሉ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል በእንፋሎት መልክ የሚያስወጣበት ሂደት ሲሆን፣ ውኃ ያልጎደለበት ተክል ካረፈበት የፀሐይ ኃይል ከፍተኛውን ድርሻ የሚያራግፈው በዚህ መንገድ ነው። መተንፈሻው ጠቦ፣ ወይም ይባስ ብሎ በዚያው በጥላ መረብ ተሸፍኖ፣ ስለ መቶኛ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሂሳብ ነው። የመረቡ መቶኛ የሚሠላው በውጭው ፀሐይ ላይ ሳይሆን ላስቲኩ ባሳለፈው ቀሪ ብርሃን ላይ መሆኑ ይዘነጋል። ላስቲኩ 75 በመቶ ያሳልፋል ቢባል፣ ባለ 50 በመቶ መረብ ሲደረብበት ለተክሉ የሚደርሰው 37.5 በመቶ፣ ባለ 70 ሲሆን ደግሞ 22.5 በመቶ ብቻ ነው፤ አቧራ የጠጣና ያረጀ ላስቲክ ከዚህም ያሳንሰዋል። በእንዲህ ያለ ብርሃን ያደገ ቲማቲም ግንዱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል፣ አበባውም ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል፤ አምራቹም ማዳበሪያ ይጨምርበታል። በኔዘርላንድስ የግሪን ሃውስ አምራቾች ዘንድ 1 በመቶ ብርሃን ማጣት 1 በመቶ ገደማ ምርት ያሳጣል የሚል የቆየ መመዘኛ አለ። የበጋ እኩለ ቀን ፀሐይ ቅጠል ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ በሚሆንበት በኢትዮጵያ ይህ መመዘኛ እንዳለ አይሠራም፤ መረብ የሚያስፈልገውም ለዚያ ትርፍ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ በደመና ሲጋረድ ግን ትርፍ የሚባል ብርሃን ስለማይኖር መመዘኛው ወደ እውነትነት ይቀርባል፤ ሆኖም በበጋ በሽቦ የታሰረው መረብ ክረምቱን ሙሉ እንደ ታሰረ ይከርማል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሆለታ፣ አየሩ ቀድሞውኑ ቀዝቃዛ በሆነበት፣ ይህን ማየት በእርግጥ ያስገርማል።

ስለዚህ ምርጫው ከተክሉ ይጀምራል። ለቡና ችግኝ 50 በመቶ ጥላ የተለመደና ተገቢ ነው፤ ይህም ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት ቀስ በቀስ እየተነሣ ችግኙ ከፀሐይ ጋር እንዲለማመድ ይደረጋል። ፍሬ ለሚሰጡ ለቲማቲምና ለቃሪያ ግን በላስቲክ ቤት ውስጥ ከ30 በመቶ የሚበልጥ ቋሚ መረብ የሚገባበት ሁኔታ ጥቂት ነው፤ የሚጠቀለልና የሚዘረጋ ቢሆን ይመረጣል። ከግዢ በፊት በብርሃን መለኪያ እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ ከቤቱ ውጭ፣ አንድ ጊዜ በተክሉ ጫፍ ላይ መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ለሰሜናዊ አገሮች የተዘጋጁ መመሪያዎች መረቡ በደቡብ በኩል እንዲንጠለጠል ያዝዛሉ። ባቱ ግን በሰሜን 8 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው፤ ስለዚህ መረቡ ሲቆረጥ በሰሜኑም ጎን ትርፍ ሊተውለት ይገባል።