ከኮርኒስ ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ እንዴት ይለያል?

ባሕሪ፥ ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አጠገብ የሚገኝ፥ ከሱዳን ዋና ከተማ ክፍሎች አንዱ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በ2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ባሕሪን መልሶ ከያዘ በኋላ ነዋሪዎች መመለስ ጀመሩ፤ ነገር ግን ብዙዎች ያገኙት ዕቃው የተዘረፈ፥ የመዳብ ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው የተመዘዘ ቤት ነበረ።

እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ መብራት፥ ማራገቢያና ድምፅ ማጉያ በነበሩበት ኮርኒስ ላይ የሽቦ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ሽቦውን የዘረጋው ባለሙያ በሌለበት ጊዜ ታዲያ ማን ይጠየቃል? ሽቦውን ራሱን በዘዴ መጠየቅ ነው። የምንጠይቀውም በሦስት ተራ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የመብራት ሽቦ ነህን?» የሚል ነው። በሱዳን የቤት ኤሌክትሪክ ኃይል 230 ቮልት ስለ ሆነ ሰውን ይገድላል፤ ቀለም ብቻ አይቶ ማመንም አይገባም። ስለዚህ ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፤ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ካለ እርሱም ይጥፋ። ከዚያም ቴስተሩ ደኅና መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ በእርሱ ይመርመር። ይህን ለማድረግ ልምድ የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥራ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ወደ የትኛው ክፍል ትሄዳለህ?» የሚል ነው። አምፕሊፋየሩ ከሽቦው ይለያይ፤ በቴስተሩም የሽቦው ጥንድ ይለካ። 8 ኦም የተባለ ድምፅ ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 7 ኦም ያህል ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተቈርጧል ወይም ከጫፉ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ወደ ዜሮ የቀረበ እንደ ሆነ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ቦታ ላይ ተነካክተዋል ማለት ነው። ቀጥሎ 1.5 ቮልት ያለው አንድ የባትሪ ድንጋይ በጥንዱ ላይ ለቅጽበት ይነካ። «ቋ» የሚል ድምፅ የተሰማበት ክፍል የዚያ ሽቦ መድረሻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ፖዘቲቩ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ቀይና ጥቁር ሽቦ ከሆነ ቀዩ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቀለም ከሆኑም በአንዱ ላይ መሥመር ወይም ጽሑፍ ይፈለግ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው አዛውሮት ሊሆን ይችላልና በባትሪው ማረጋገጥ ይሻላል። የድምፅ ማጉያው ሽፋን ተነሥቶ ባትሪው ሲነካ፥ እንደ ከበሮ ቆዳ የሚንቀሳቀሰው ስስ ክፍል ወደ ወለሉ ብቅ ካለ፥ የባትሪውን የመደመር ምልክት የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ጣራው ከሸሸ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ከሁለት ድምፅ ማጉያዎች አንዱ ተገልብጦ ቢቀጠል፥ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። በአንድ ቀንበር ተጠምደው ወዲያና ወዲህ እንደሚጎትቱ በሬዎች ይሆናሉና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። መሣሪያው አይቃጠልም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል።

በመጨረሻ የምንመክረው አንድ ነገር አለ። ሽቦው ከታወቀ በኋላ የክፍሉ ስምና የመደመር ምልክቱ በጥቂት ወረቀት ተጽፎ ከጫፉ ይታሰር። የቤቱ ሰው ቢሰደድ፥ ባለሙያውም ቢርቅ፥ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ያ ወረቀት ይናገራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በጥድፊያ ተቀጥሎ ሳይጻፍበት የቀረ ሽቦም ለሚቀጥለው ሰው አደጋ ሆኖ ይቈያል።