ባትሪ የሚበላ ውሻ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ መብረቅ ጮኸና ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የቆሙት መኪኖች እየተቀባበሉ ማላዘን ያዙ። አንዷ እንደ አምቡላንስ፣ አንዷ እንደ ሕፃን፣ ሌላዋ ደግሞ ስድስት ዓይነት ዜማ እያቀያየረች። ከአራቱም ብሎክ አንድ መስኮት አልተከፈተም። እኔም ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ዝም እስኪሉ ጠበቅኩ። ጠዋት ስወጣ ዘበኛችንን፣ "አባባ፣ ሌሊት ሌባ መጥቶ ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣" አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ "ሌባማ ቢመጣ መች ይጮኹ ነበር!"

አባባ መቀለዳቸው ነው፤ ግን የመኪና አላርምን የመቶ ዓመት ታሪክ ባንድ አፍ ጨርሰውታል። ይህ መሣሪያ ሲፈጠር ሌባ እንዲይዝ ታስቦ አልነበረም፤ ሰው እንዲጠራ ነው። ኡኡታ ሰምቶ ዱላውን ይዞ የሚወጣ ጎረቤት ካለ ይሠራል። ከሌለ ግን ባትሪ ከመጨረስ ሌላ ሥራ የለውም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ይህኛውም የሚጮኸው የመኪናችንን ባትሪ እየበላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና መስረቅ የመኪናን ያህል ያረጀ ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ስርቆት በ1896 ፓሪስ ላይ የተፈጸመው ነው። የጠፋው መኪና ፔዦ ሲሆን ባለቤቱ ባሮን ደ ዙይለን የፈረንሳይ አውቶሞቢል ክለብ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የወሰደው ደግሞ የገዛ መካኒካቸው! ያኔ አላርም ቢኖር ኖሮ ምን ይፈይድ ነበር? ማጥፊያውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዚያ ዘመን መኪና እንደ ዛሬው በቁልፍ አይነሳም። ከፊት ለፊት ማኖቬላ ይሰካል፣ ባለጉልበት ሰው ይዞ ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ሲከፋው መልሶ ይመታል፤ ክንድ የተሰበረበት ሾፌር ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ግን ሳይታሰብ ጥበቃ ሆኖ አገልግሏል። በመንገድ መሐል ጎንበስ ብሎ ከሰው መኪና ጋር የሚታገል ሰው ዓይን ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ የእኛ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉትን፣ ይዞ ገበያ ሲወጣ ሴቱም ወንዱም ሽማግሌውም ከማኖቬላ ተገላገለ። ሌባውም አብሮ ተገላገለ።

ቁልፍ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ግን ከስሙ በቀር ጥበቃ አልነበረበትም። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል የሠራውን ሞዴል ቲን ውሰዱ። ቁልፉ መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት ያለ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ጅረቱን ያገናኛል ወይም ይቆርጣል፤ ሌላ ምንም አይቆልፍም። የቁልፎቹ ዓይነት ደግሞ ለዚያ ሁሉ መኪና ከሁለት ደርዘን ብዙም አይበልጥም ነበር። ቁጥሩም ቁልፉ በሚገባበት ማብሪያ ፊት ላይ ተቀርጿል። ሁለት ደርዘን ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው የከተማው ፎርድ ሁሉ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። ቁልፍ መግዛት የሰለቸው ደግሞ አንዲት ክንድ ሽቦ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ሰዉ በየፊናው ዘዴ መፈለግ ጀመረ። አንዱ ጎማውን እንደ በቅሎ በሰንሰለት ከእንጨት ጋር ያስራል። ሌላው መሪውን ነቅሎ በብብቱ ይዞ ቡና ቤት ይገባል። ከሁሉ የሚያስቀኝ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በማስታወቂያ ይሸጥ የነበረው የጎማ ሾፌር ነው። ቦስኮ ይሉታል። ነፍተህ ከመሪው ኋላ ታስቀምጠዋለህ፣ ሥራህን ጨርሰህ ስትመለስ አስተንፍሰህ አጣጥፈህ ከወንበር ሥር ትከተዋለህ። በእኔ ግምት ቦስኮ ከዛሬው አላርም የተሻለ ጠባይ ነበረው፤ ቢያንስ ሌሊት አይጮኽም።

ወደ ጩኸቱ ስንመጣ፣ የመኪና አላርም ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው በ1913 የዴንቨር እስረኛ እንደሠራው የሚነገርለት መሣሪያ ነው። የሰውየው ስም አልተመዘገበም። እስረኛ መሆኑ ግን ተመዝግቧል። ሌባን ለመከላከል ከወኅኒ ቤት የተሻለ አማካሪ ከየት ይገኛል? አሠራሩ ቀላል ነበር። ባለቤቱ መኪናውን ሲያቆም በእጁ ያጠምደዋል። ሌላ ሰው መጥቶ ማኖቬላውን ማዞር ሲጀምር ጩኸቱ ይለቀቃል። ወጥመዱ የተዘጋጀው ሌባው ሊያልፈው በማይችለው ቦታ ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሞተር ሳያስነሳ መኪና የሚነዳ የለማ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አላርሞች፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ፣ በአንድ እናት ሐሳብ ላይ የተሠሩ ናቸው። ሐሳቡን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ የመኪናችሁን በር ከፍታችሁ የበሩን ፍሬም ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች ላይ አንዲት ተጫኝ ቁልፍ አለች። በሩ ሲዘጋ ትጫናለች፣ ሲከፈት ብቅ ትልና የጣሪያውን መብራት ታበራለች። የድሮ አላርም ሠሪዎች ከዚችው ቁልፍ አንድ ሽቦ ቀጠሉ፣ ወደ ክላክስም ወሰዱት። በሩ ተከፈተ፣ ክላክስ ጮኸ፤ አለቀ።

ግን ሌባውም ሞኝ አይደለም፤ በሩን መልሶ ከዘጋው ጩኸቱ ይቆማል። ስለዚህ መሐል ላይ ሬሌ ገባች። ሬሌ በትንሽ ጅረት የምትሳብ፣ ስትሳብ ግን ትልቅ ጅረት የምታገናኝ ማግኔት ናት። የአላርም ሬሌ ደግሞ አንዴ ከተሳበች የራሷን ጅረት ራሷ ይዛ እንድትቀር ሆና ትያያዛለች፤ በሩ ቢዘጋም አትለቅም። የሚያስለቅቃት የባለቤቱ ስውር ማጥፊያ ብቻ ነው። ይህም ሌላ ችግር ወለደ። የማይቋረጥ ክላክስ ሰው "የተበላሸ መኪና ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ ልብ የሚሰርቀው እየቆራረጠ የሚጮኽ ነው። መፍትሔው ከፍሬቻ ተገኘ። ፍሬቻን የሚያበልጨልጨው ዕቃ ውስጥ ጅረት ሲያልፍበት የሚግል፣ ሲግል የሚጣመም፣ ሲጣመም ግንኙነቱን የሚቆርጥ፣ ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ የሚነካ ስስ ብረት አለ። እሱን ከክላክሱ ጋር አያያዙትና መኪናው እንደ ውሻ ሃው ሃው ማለት ጀመረ። (ክላክስ የምንለው ቃል ራሱ ክላክሰን ከሚባል የአሜሪካ ጥሩምባ የንግድ ስም የመጣ ነው። ማኖቬላና ፍሬቻን ግን ከጣሊያንኛ ወስደናቸዋል።)

በሩን ሳይከፍት ጎማ የሚፈታ ወይም መኪናውን ጎትቶ የሚወስድ ሌባስ? ለእሱ ፔንዱለም ተሠራለት፦ ከስስ ብረት ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ክብደት፣ መኪናው ሲወዛወዝ ተወዛውዛ ጎኗን የምትነካ። ሌሎች በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ የሜርኩሪ ጠብታ አኖሩ፤ መኪናው ሲያዘነብል ጠብታዋ ተንሸራትታ ሁለቱን ሽቦ ታገናኛለች። ሐሳቡ ያማረ ነው። ችግሩ ነፋስም መኪና ያወዛውዛል፤ የሚያልፍ ከባድ መኪናም ያንቀጠቅጣል፤ ድመትም ኮፈን ላይ ትተኛለች።

ቆይቶ ደግሞ ሽቦ ከየበሩ መቀጠሉ የሰለቻቸው ሠሪዎች የባትሪውን ቮልቴጅ ብቻ የሚያዳምጥ ዓይነት አመጡ። አንድ በር ተከፍቶ የጣሪያው መብራት ቢበራ የባትሪው ጉልበት በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ መሣሪያውም ያችን ዝቅታ ሰምቶ ይጮኻል። የማይረሳ ጉድ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ያለው ሰዓት የሚሠራው በሞላ (ስፕሪንግ) ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው ባትሪው በአንድ ጊዜ ጅረት እየሰጠ ይሞላዋል። አላርሙ ይህንን እንደ ሌባ ቆጠረው። መኪናው ሰዓቱን በሞላ ቁጥር ራሱን ሌባ ብሎ ይጮኽ ነበር።

ሌባውን በጩኸት ብቻ ሳይሆን በሕግም ለመያዝ ተሞክሯል፤ እሱን አጠር አድርጌ ልለፍ። በ1919 የአሜሪካ ምክር ቤት የተሰረቀ መኪና ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማሻገርን የፌዴራል ወንጀል አደረገ፤ ሕጉ በአቅራቢው በሚዙሪው ተወካይ በዳየር ስም ይጠራል። ዝነኛው ባንክ ዘራፊ ጆን ዲሊንጀር በመጋቢት 1934 ከኢንዲያና እስር ቤት ሲያመልጥ የወሰደው የሸሪፏን ፎርድ ነበር። ባንክ መዝረፉ የፌዴራል መርማሪዎቹን እጅ አላስገባም ነበር፤ ያንን ፎርድ ወደ ኢሊኖይ ማሻገሩ ግን አስገባው።

ዝም ያለ ዘዴም ነበር። በ1940 የጀርመን ወረራ በተፈራበት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሾፌር ሁሉ መኪናው እንዳይነሳ አድርጎ እንዲሄድ አዘዘ። ብዙው ሰው ዲስትሪቢዩተሩን ከፍቶ አውራ ጣት የምታክለውን ሮተር ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ያለ እሷ ብልጭታው ወደ ካንዴላዎቹ አይደርስም፤ መኪናው ብረት ሆኖ ይቀራል። ጩኸት የለ፣ ባትሪ አይበላ፣ ጎረቤት አይረብሽ። ይህችን ሮተር አትርሱብኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በአሜሪካ አላርም ከፋብሪካ ተገጥሞ መሸጥ ሲጀምር ከታወቁት አንዱ የ1968ቱ ሼቭሮሌት ኮርቬት ነው። ገዢው ወደ 26 ዶላር ጨምሮ ያስገጥመዋል፣ ከመኪናው በስተኋላ በኩል በተለየ ቁልፍ ያጠምደዋል። በ1972 ኮርቬት ላይ የግድ የሚመጣ ዕቃ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ ከ1970 መግቢያ ጀምሮ፣ የአሜሪካ መንግሥት መሪውን ወይም የመኪናውን ጉዞ የሚቆልፍ ቁልፍን አስገዳጅ ሲያደርግ አንድ ተጨማሪ ነገር አዘዘ፦ ሾፌሩ ቁልፉን እንደሰካ በሩን ከከፈተ መኪናው ይጩኽበት። ብዙ መኪና የሚሰረቀው ባለቤቱ ቁልፉን ትቶ እየወረደ ስለነበር ነው። እኔ ከአላርም ዘር ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው፤ የሚጮኸው ሌባው ላይ ሳይሆን ጥፋተኛው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሪሞት መጣ፣ ሳይረን ከክላክስ ተለየ፣ ቫይፐርን የመሰሉት የአሜሪካ አላርሞች ከመኪናው ራቅ በል እያሉ በሰው ድምፅ ማስፈራራት ጀመሩ። የቫይፐሩ ድምፅ የኩባንያው መሥራች የዳረል አይሳ ነበር፤ ሰውየው በኋላ የምክር ቤት አባል ሆነዋል። ጩኸቱ በበዛ ቁጥር ሰሚው አነሰ። ኒውዮርክ የመኪና አላርም ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይጮኽ በሕግ ወሰነች። ጎረቤትን ለመጥራት የተፈጠረ መሣሪያ ጎረቤትን በማስቸገር ተከሰሰ ማለት ነው።

ሌባውን ያሸነፈችው ያቺ የእንግሊዞቹ ሮተር ናት፤ መልኳን ቀይራ ተመለሰች። በ1986 ኮርቬት የቁልፉ አንገት ላይ ትንሽ ጥቁር ቅንጣት ተተከለች። መኪናው የቅንጣቷን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይለካል፤ ከ15 ዓይነት ልኮች የእሱ የሆነው ካልመጣ አይነሳም። ቀጥሎ የመጣው ቺፕ ባትሪም አያስፈልገው። ቁልፉ ሲገባ በማዞሪያው ዙሪያ ያለው ጥቅል ሽቦ ሳይነካው ጉልበት ይሰጠዋል፣ እሱም የሚስጥር ቁጥሩን ይናገራል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሞተሩ ነዳጅም ብልጭታም አያገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ አስገዳጅ ያደረገው ይህንን ዝምተኛ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የቁልፍ ምስል ያላት ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል ካያችሁ እሱ አለ ማለት ነው።

እርግጥ ቺፑ ስፖኪዮ ከመነቀል አያድንም፤ ለስፖኪዮ ዛሬም የሚሻለው አባባ ናቸው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው። ከእኔ ብሎክ ፊት ለፊት ነጭ ቪትዝ የምታቆም ጎረቤቴ፣ መኪናህ ላይ የተገጠመው አላርም ንዝረት የሚሰማበት ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ዕቃ አለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር ናት። ጎኗ ላይ ስሜቷ የሚቀነስባት ትንሽ ብሎን አለች። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአምስት ደቂቃ ያስተካክልልሃል። ሰኔ ሳይገባ አስነካት እባክህ።