ልጆችን ይዞ ወደ ውኃ ዳር፤ ከአቅም ያላለፈ ዕረፍት

የትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ተፈጽሞ ልጆች ደብተራቸውን ባስቀመጡ ማግሥት፥ በአዲስ አበባ በሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ «ዘንድሮስ ወዴት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውን የሚያነሡት ልጆች ሲሆኑ መልሱን የሚፈልጉት ግን አባትና እናት ናቸው፤ መልሱም ከኪስ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። ልጆች የሚመኙት ውኃ ነው። አሸዋ ላይ መንከባለል፥ ማዕበል እግራቸውን ሲነካ መጮህ፥ ጀልባ ማየት ይወዳሉ። ይህም ምኞት ቅንጦት ነው ሊባል አይገባውም፤ ልጅ አባቱን ጫማውን አውልቆ ሲሥቅ የሚያይበት ቀን በዓመት ውስጥ ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ ለሁለት ቀን ደስታ የስድስት ወር ዕዳ ይዞ የሚመለስ ቤተሰብ መኖሩን እናውቃለን፤ ከዚህም የከፋው፥ ልጅ ይዞ ሄዶ ያለ ልጅ የሚመለስ መኖሩ ነው። ስለዚህ የቦታው ምርጫ በሁለት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል፤ አንደኛው ገንዘብ፥ ሁለተኛው የልጆች ደኅንነት።

እንደሚታወቀው ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ቀድሞ ከአሥመራ ወደ ምፅዋ ወርደው በጉርጉሱም አሸዋ ላይ የተጫወቱ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሞምባሳ መሄድ የሚቻል ቢሆንም፥ ለአምስት ነፍስ ፓስፖርት ማውጣት፥ የውጭ ምንዛሪ መፈለግና ትኬት መግዛት በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የሚመከር አይደለም። እኛ ያሉን ሐይቆች ናቸው። በግእዝ «ሐይቅ» ማለት የባሕር ዳርቻ መሆኑን የቅኔ ቤት ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ በአማርኛ ግን ስሙ ከዳርቻው ወደ ውኃው ተሻገረ። በአንጻሩም በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር ተባለች። እንግዲህ አባቶቻችን ሐይቁን ከባሕሩ አጥብቀው አልለዩትም፤ የስድስት ዓመት ልጅም አይለየውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት ተቀምጠው አንድ ነገር ሊወስኑ ይገባል። የምንሄደው ልጆቹ ውኃ ውስጥ እንዲገቡ ነው ወይስ ውኃ እንዲያዩ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሆቴል ዋጋ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ለመታጠብ የሚሻለውና ለማየት የሚሻለው ሐይቅ አንድ አይደለምና።

ለዚህ ምክንያቱ ብልሃርዚያ ነው። የበሽታው ትል በሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወደ ውኃ ይገባል፤ በዚያም በጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከእነርሱም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣርና ቄጤማ የበዛበትን፥ ጸጥ ያለና ጥልቀት የሌለውን ውኃ ነው፤ ይኸውም ወላጅ «ለሕፃን ይህ ይሻላል» ብሎ የሚመርጠው ዓይነት ስፍራ መሆኑ ያሳዝናል። በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻዎች በሽታው መኖሩ ታውቋል። ስለዚህ እነዚህን ከዳር ሆነን እናያቸዋለን፥ በጀልባ እንሄድባቸዋለን እንጂ ልጅ አናስገባባቸውም።

ለመታጠብ ለረጅም ዘመን የተመረጠው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ውኃው እንደ ሻይ በወተት ቡናማ ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ የመጣው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ ሸክላ አፈር ነው። ቀንድ አውጣው እንዲህ ያለውን ውኃ አይወድም፤ ሐይቁ ከብልሃርዚያ የነጻ ነው እየተባለ የሚነገርለትም በዚህ የተነሣ ነው። ይሁንና ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበትና ሣር በበቀለበት ስፍራ ልጅ ማስገባት አይገባም፤ በአንዳንድ ጸጥተኛ ዳርቻ ጉማሬ ስለሚገኝ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ቀንድ አውጣውን የሚያርቀው ያው ድፍርስ ውኃ ልጁንም ይሸሽጋል። በጠራ ውኃ የሰመጠ ልጅ ከላይ ይታያል፤ በላንጋኖ ግን አንድ ክንድ ዝቅ ካለ አይታይም፥ ፍለጋውም በመዳሰስ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ወገቡ ከሚደርስ ውኃ አልፎ እንዳይገባ፥ ልብሱም ሰማያዊና ነጭ ሳይሆን ከሩቅ የሚታይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ እንዲሆን እመክራለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል የሚያመጣበት ቀን ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ በአየር የተነፋ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ሳይታወቅ ወደ መካከል ይወሰዳል። ጠዋቱ ለውኃ፥ ከሰዓቱ ለአሸዋና ለጨዋታ ይሁን።

ስለ ዋጋው የሆነ እንደ ሆነ፥ በላንጋኖ ዳር ያሉት ማረፊያዎች ከዋናው መንገድ ገባ ያሉ በመሆናቸው መኪና የሌለው ቤተሰብ ይቸገራል፤ አውቶቡሱ በመገንጠያው ላይ አውርዶት ይሄዳል፥ ሻንጣና ሕፃን ይዞ የሚቀረው መንገድ ቀላል አይደለም። በግቢው ካለው ምግብ ቤት በቀር ሌላ በቅርብ ስለማይገኝ የምግቡ ሒሳብ ከአልጋው ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ተባብረው አንድ ሚኒባስ ቢከራዩ፥ በሶውን፥ ድርቆሹን፥ ዳቦ ቆሎውንና የሚጠጣውን ውኃ ከቤት ቢይዙ፥ ድንኳን መትከል የሚፈቀድበትን ግቢ ቢመርጡና ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ ማክሰኞና ረቡዕን ቢያደርጉት ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ከቤት ምግብ ማስገባት የማይፈቅዱ ግቢዎች ስላሉ ግን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይገባል፤ ድስቱን ተሸክሞ በር ላይ መከራከር ደስታን ያበላሻል።

መኪና ለሌለውና ልጆቹ ብዙ ለሆኑ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ሐዋሳን ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም አውቶቡሱ ከተማው ውስጥ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ባጃጅ ይበቃል። ከተማ በመሆኑም ከትልቁ ሆቴል እስከ ትንሹ አልጋ ቤት፥ ከምግብ ቤት እስከ ጉሊት ድረስ እንደ አቅም መምረጥ ይቻላል። ከሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይታያሉ፤ ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ሙዝ ነጥቀው የሚሮጡ ስለ ሆኑ ጨዋታው ከልቅሶ ጋራ ይመጣል። በጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲፈቱ፥ አባ ኮዳ የሚባለውም ረጅም ወፍ ከሰው መካከል ቆሞ ድርሻውን ሲጠብቅ ማየት ከብዙ የሥዕል መጽሐፍ ይበልጣል። ልጆች ቆሮሶውን ከአምባዛው መለየት እዚያው ይማራሉ፤ አምባዛ ቅርፊት የሌለው ስለ ሆነ በብዙ ክርስቲያን ቤት አይበላም፥ ልጅም ምክንያቱን ሲጠይቅ ኦሪትን ማስተማሪያ ሰዓት ተገኘ ማለት ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበሉ አዋቂዎች በዚያ ይታያሉ፤ ለልጅ ግን የተጠበሰው ብቻ ይሰጥ።

በሐዋሳ ቀን መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል እጅግ ብዙ ምእመናን ስለሚያሰባስብ አልጋ ይወደዳል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል። ለንግሥ የሚሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ አልጋውን ይያዝ፤ ለዕረፍት የሚሄድ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበትን ቀን መጠየቅም ይጠቅማል፤ በዓሉን ማየት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ቢሆንም ከተማው ይሞላል።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ቤተሰብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቢሾፍቱ በቂ ነው። ነገር ግን ሆራ፥ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸውና ዳርቻቸው ድንገት ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህ የሚታይ ውኃ ነው። በዝዋይ ደግሞ በጀልባ ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት ተሻግሮ፥ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ወደዚያ ተሰደደች የሚለውን ትውፊት መስማት የሚወድ ቤተሰብ ወጪው አይቆጨውም። ወንጪ ውብ ነው፥ ብርዱ ግን ለሕፃናት አይመችም። ጫሞ የአዞ ስፍራ ነው። ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ የሚያስብም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የመንገዱን ሁኔታ ስለሚለዋውጠው፥ ወደየትም ቢሆን ከመነሣቱ በፊት በመሥመሩ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችን ይጠይቅ።

ወሩን በተመለከተ፥ ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በስምጥ ሸለቆ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ በየትኛውም ወር ቢሆን አጎበር ሳይዙ ማደር አይገባም። በክረምት አልጋ ቢረክስም መንገዱ ይጨቀያል፤ የፍልሰታ ጾምም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል በየምግብ ቤቱ የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ከጥምቀት በኋላ ያለው የእኩሌታ ዓመት ዕረፍት ደረቅና ፀሐያማ ስለ ሆነ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሒሳቡንም በወረቀት መጻፍ ይገባል። ከአልጋው ዋጋ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ ልጅ እስከ ስንት ዓመት በነጻ ያድራል? ተጨማሪ ፍራሽ ስንት ነው? ቁርስ ለሁሉም ነው ወይስ ለሁለት ሰው? ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሯል ወይስ በመጨረሻ ይመጣል? የጀልባው ዋጋ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው? እኔ ከማውቃቸው ባልደረቦቼ መካከል ለዚሁ ጉዳይ ብለው የዓመት ዕቁብ የሚጥሉ አሉ፤ ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ በጥር ይሄዳል፥ ያልወጣለት ተራውን ይጠብቃል፥ ማንም ግን ተበድሮ አይሄድም።

አበው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በእውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነርሱም ሩብ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ትንፋሹ ስለ ተያዘ ድምፅ የለውም። «ሁላችንም እያየነው ነበር» የሚሉት ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ማንም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ አዋቂዎች በግማሽ ሰዓት ተራ ይግቡ፤ ተረኛው ስልክ አይዝም፥ ጨዋታ አይጀምርም፥ መጠጥ አይቀምስም። ጀልባ ላይ ሲወጡ ለልጁ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ ጀልባው ይቅር። አደጋ ከደረሰም ልጁን ቁልቁል ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ጊዜ ማጥፋት ነው፤ የማይተነፍስ ልጅ ወዲያው በአፉ እስትንፋስ ሊሰጠውና ደረቱን በመጫን ሊረዳ፥ ሌላው ሰውም መኪና ሊፈልግ ይገባል።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ልጁ ትኩሳት፥ ሳል፥ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢያሳይ፥ ብልሃርዚያም ወባም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ሐኪሙ ሳይጠይቅም የሐይቁን ስምና የታጠባችሁበትን ቀን ንገሩት።