ቴርሞስታቱን መልሱት

የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣ የድሮ ኮሮላ ያለው ሰው ማሞቂያውን ይከፍታል፤ የሚነፍሰው ለብ ያለ አየር ነው። «መኪናው አርጅቷል» ይልና ጃኬት ይደርባል። ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። የዚያ ዘመን ቶዮታ ማሞቂያው ጠንካራ ነው፤ ያዳከምነው እኛ ነን።

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። በሞተሩ ውስጥ ዞሮ የጋለው ውሃ በሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ከዳሽቦርዱ ኋላ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ገብቶ ይመለሳል፤ ቬንትሌተሩ አየር ይነፋባታል። በቃ ይኸው ነው። ውሃው ካልጋለ ሁሉም ከንቱ ነው። እንዲግል የሚያደርገው ደግሞ ቴርሞስታት ነው፤ ብዙ ጋራዥ ነቅሎ የሚጥለው ዕቃ።

«አገራችን ሞቃት ስለሆነች አያስፈልግም» ይባላል። ቴርሞስታት ግን የተሠራው ለብርድ አገር ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ሰም ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይከፍታል፤ እስከዚያ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር አይሄድም። በሩ ከሌለ ሞተሩ በማለዳም በቁልቁለትም ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ማሞቂያውም ይሞታል።

ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት፣ ራዲያተሩን ሳያይ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ እንዳይፈላ ተብሎ ዕቃው የተነቀለለት መኪና፣ በመነቀሉ ምክንያት ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

አንድ የማከብረው መካኒክ ቴርሞስታት በድስት ቀቅሎ «ሙሉ አይከፍትም፣ ሞቷል» ሲል ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላባት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያ ቴርሞስታት ግን ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነበር። ዕቃው ጤነኛ ነው። በድስት ውስጥ መከፈት መጀመሩ ይበቃል። በ88 ዲግሪ መከፈት የሚጀምረው ዓይነትማ ጥቂት ብቻ ነው የሚላወሰው። መኪናው ውስጥ ሲሆን ግን የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን ስለሚያምቀው መፍያው ከ110 ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ጥፋቱም በቴርሞስታቱ ይላከካል። እባካችሁ፣ አስቀድማችሁ ክዳኑን ቀይሩ።

በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ የምትሞሉም አደብ ግዙ። ዝገቱና ዝቃጩ የሚደፍነው ያችን ትንሽ ራዲያተር ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላ የማሞቂያውን ሁለት ጎማዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ እየፈጀ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ ወይ የማሞቂያው የውሃ ቫልቭ አልተከፈተም ወይ ራዲያተሯ ተደፍናለች፤ ሞተሩ ሲበርድ ጎማዎቹን ፈትቶ በመውጫዋ በኩል ኃይል በሌለው ውሃ ማጠብ ነው። ሁለቱም ለብ ካሉ ቴርሞስታቱን ወይም የውሃውን ማነስ ጠርጥሩ።

አዲሱ ቴርሞስታት ሲገባ ሞላው ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ መተንፈሻ ወደ ላይ ትሁን። ከዚያ በበረደ ሞተር ኩላንት ሞልቶ፣ ማሞቂያውን ቀዩ ላይ አድርጎ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ማስነሳት፤ አረፋው እስኪያቆም እየጨመሩ መጠበቅ፣ ከዚያ መክደን።