ሻርክ ስንት ያወጣል?

በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው ፓላው አንድ ሻርክ ተይዞ ሥጋውና ክንፉ ቢሸጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ስሌት መሠረት 108 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በሕይወት ቢተውስ? የአየር ሲሊንደር አዝለው ወደ ኮራል አለቶቹ የሚጠልቁ ብዙ ቱሪስቶች የሚመጡት እሱን ለማየት ነው። የሆቴሉ፣ የጀልባውና የአስጎብኚው ገቢ ተደምሮ፣ በዋና ዋናዎቹ መጥለቂያ ስፍራዎች የሚኖር አንድ ሻርክ በዕድሜው ሙሉ 1.9 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አድርገዋል። ፓላው ቀድማ፣ በ2009፣ ሻርክ ለንግድ እንዳይጠመድ ከልክላለች።

ባለሀብት ልብ ሊለው የሚገባ ስጋት ግን አለ። በ1998 ባህሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የደሴቶቹ ኮራል በብዛት ነጥቶ ሞቷል። አጥማጅን በአዋጅ ማገድ ይቻላል፤ የባህር ሙቀትን ግን አይቻልም።